በአየር ግፊት የሚሠራ የመኪና እጥበት በር፦ ብልሽቱን ለይቶ ማስተካከል በቅደም ተከተል

በሩ መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚነካው ሬጉሌተሩን (የአየር ግፊት መቆጣጠሪያውን) ነው። ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ በሩም ለጊዜው ይፈጥናል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ግን የላይኛው ፓነል ይጎብጣል፣ ማጠፊያው ይሰነጠቃል ወይም ሲሊንደሩን የያዘው ብሎን ይቆረጣል። ግፊቱ የሸፈነው ችግር ደግሞ እዚያው አለ።

በሀዲድ ወደ ላይ የሚከፈት በር ክብደቱን የሚሸከምለት ሞላው ነው። ከአየሩ የሚጠበቀው ሚዛኑን የጠበቀ በር መግፋት ብቻ ነው። በሩ ከብዶ ከሆነ በአየር አይታከምም። ስለዚህ ፍተሻው ሁልጊዜ ከበሩ ይጀምር፤ ቀጥሎ አየሩ፣ ከዚያ የአየሩን አቅጣጫ የሚቀይረው ቫልቭ፣ መጨረሻ ላይ በሩን የሚገፋው ሲሊንደር ይታይ። የማስተካከያ ብሎን ማዞር የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው ለላቫጆ በሮች ነው። ቤቱ ቀኑን ሙሉ በውሃና በሳሙና እንፋሎት ስለሚሞላ ኤሌክትሪክ ሞተር እዚያ ቶሎ ይበላሻል፤ በአየር የሚሠራ መክፈቻ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በጋራዥ ወይም በእሳት አደጋ ጣቢያ ያለ ተመሳሳይ በርም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል።

መጀመሪያ የራስዎን በር ይለዩ

ሲሊንደሩን ይመልከቱ። ዘንግ የሚወጣና የሚገባበት ከሆነ ጉልበቱ በሁለቱ አቅጣጫ እኩል አይደለም። ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር፣ ዘንጉ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ ሲሊንደር፣ ዘንጉ ሲገባ ያለው ጉልበት ሲወጣ ካለው 16 በመቶ ያህል ያንሳል። ዘንግ የሌለውና ከላይ የሚንሸራተት ጋሪ ያለው ከሆነ ጉልበቱ በሁለቱም በኩል እኩል ነው።

ቀጥሎ ቫልቩን ይመልከቱ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

- አንድ ኮይል (ቫልቩን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅስ ጥቅል ሽቦ) ብቻ ካለው፣ መብራት ሲጠፋ የውስጥ ሞላው ቫልቩን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። በሩ ማንም ሳይነካው ሊሄድ ይችላል።
- ሁለት ኮይል ኖሮት ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ቫልቭ መጨረሻ በታዘዘበት ይቆያል፤ መብራት ቢጠፋም መግፋቱን አያቆምም።
- ሁለት ኮይልና ሦስት ቦታ ያለው፣ መሃሉ ዝግ የሆነ ቫልቭ በሩን በመንገድ ላይ ማቆም ይችላል። ይህን የሚያደርገው በሲሊንደሩ ሁለት ወገን አየር ቆልፎ ነው። ዋናው አየር ከተዘጋ በኋላም ያ አየር ውስጥ ይቀራል።

የትኛው እንደሆነ በቫልቩ ጎን ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ይታወቃል። ሁለት ካሬ ሁለት ቦታ ማለት ነው፣ ሦስት ካሬ ሦስት ቦታ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሁለት ቫይስ ግሪፕ ፒንሳ (በሩን ሀዲዱ ላይ ለመያዝ)
- ጓጉንቸር ቁልፍና «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት
- ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ የአለን ቁልፎች፣ ሁለት ተስተካካይ ቁልፍ
- ቴስተር
- የእጅ ሚዛን፣ ባለ መንጠቆው (እስከ 50 ኪሎ የሚያነብ)
- ሳሙና የተቀላቀለ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ
- የፕላስቲክ ቱቦ መቁረጫ። በጎን መቁረጫ ፒንሳ የተቆረጠ ቱቦ ጫፉ ሞላላ ይሆናል፤ ግፊያ ራኮርዱ (ቱቦው ተገፍቶ የሚሰካበት መጋጠሚያ) ውስጥ ገብቶም ያፈሳል።
- ቴፍሎን፣ ነጭ ቀለም ወይም ማርከር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር

ነጩን ቀለም እንደ ተጨማሪ ነገር አይዩት። ከማዞርዎ በፊት የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፤ ነገሩ ሲበላሽ መመለሻዎ እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ኃይሉን ሁሉ ማሰር

በዚህ በር ላይ ሦስት ዓይነት የተጠራቀመ ኃይል አለ፦ አየሩ፣ የተጠመዘዘው ሞላና የበሩ የራሱ ክብደት። ኤሌክትሪክ ማጥፋት ሦስቱንም አይነካም።

1. በሩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። በሩ ከላይ ሆኖ እምቢ ካለ፣ በሁለቱም ሀዲድ ላይ ከአንድ ሮለር ሥር ቫይስ ግሪፕ አጥብቀው ያስሩ፤ ከዚያ በፊት አየር አይልቀቁ። ሞላ ተሰብሮ ከሆነ በሩን ይዞ ያቆመው አየሩ ብቻ ነው።
2. የኤሌክትሪክ ብሬከሩን ያጥፉና ይቆልፉ።
3. ወደ በሩ የሚሄደውን ዋና የአየር መዝጊያ ዘግተው ይቆልፉ። መዝጊያው ከእሱ እስከ በሩ ያለውን አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ከሌለው፣ በማጣሪያው ሥር ባለው ማፍሰሻ ያስወጡት።
4. የሬጉሌተሩ ጌጅ (የግፊት ማሳያው) ዜሮ መድረሱን ይዩ፤ ግን አይመኑት። ጌጁ የሚያሳየው ከቫልቩ በፊት ያለውን ብቻ ነው። በቫልቩ ላይ ያሉትን የእጅ መሞከሪያ ቁልፎች በየተራ በካቻቪቴ ይጫኑ። አየሩ ካልወጣ የሲሊንደሩን ራኮርድ ሩብ ዙር ብቻ ፈታ አድርገው ፊጭታው (አየሩ ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ) እስኪያልቅ ይጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በበሩ ታችኛ ማዕዘን ያሉት የብረት ገመድ መያዣዎችና ከበሩ በላይ ያለው የሞላ መቆለፊያ ብሎን በዚህ ሥራ ውስጥ አይካተቱም። አየሩ ቢወጣም በሞላው ኃይል እንደተወጠሩ ናቸው። ሲፈቱ የሚያገኘው እጅ ይሰበራል። ለሞላ ባለሙያ ይጠሩ።

ደረጃ 2፦ በሩን ብቻውን መፈተሽ

ሲሊንደሩን ከበሩ ጋር የሚያገናኘውን ፒን ያውጡ። አሁን በሩ በሞላው ብቻ ነው የሚሠራው። በሩን በእጅዎ ከፍ ያድርጉና በጉልበት፣ በወገብና በትከሻ ከፍታ ላይ በቀስታ ይልቀቁት። ጣትዎ በፓነሎቹ መገጣጠሚያ መካከል አይሁን።

- በሦስቱም ቦታ ከቆመ፣ ወይም ጥቂት ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ ሚዛኑ ደህና ነው።
- ከወረደ ሞላው ደክሟል ወይም በሩ ከብዷል።
- በራሱ ከወጣ ሞላው ከልክ በላይ ተጠምዝዟል። ይህም ብልሽት ነው፤ ሲዘጋ አየሩ ከሞላው ጋር ይታገላል፣ በሩም ወለሉ ላይ አይረጋም።

ቁጥር ከፈለጉ የእጅ ሚዛኑን በመሃል መያዣው ላይ ሰክተው ወደ ላይ ይሳቡ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ባለው ውስጥ ከተነሳ ይቀጥሉ። 30 ወይም 40 ካነበበ እዚሁ ይቁሙ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይጠቅምዎትም።

በሩ ለምን ይከብዳል? ውስጡ ስፖንጅ ያለው ፓነል ጠርዙ ሲሰነጠቅ ውሃ ይጠጣል። የታችኛው ጎሚኒ ውስጥ ውሃና ጭቃ ይጠራቀማል። የተጣበቀ ሮለርም ክብደት ይመስላል፤ እያንዳንዱን ሮለር በጣት ያዙሩ፣ የማይዞረውን ይቀይሩ። ሀዲዱን በጨርቅ ያጽዱ እንጂ ግሪስ አይቀቡት፤ ግሪስና የሳሙና ዝቃጭ ተቀላቅሎ ሮለሩን ያስራል። ግሪስ የሚፈልጉት ኩሽኔታዎቹና ማጠፊያዎቹ ናቸው።

ሞላው ደክሞ ከሆነ ባለሙያው ተመሳሳዩን እንዲተካ አይተዉት። የተለመደው የበር ሞላ የሚሠራው ለ10,000 መክፈትና መዝጋት ነው። በቀን 100 መኪና በሚያልፍበት በር ይህ የ100 ቀን ዕድሜ ነው። የ100,000 ሞላ ይዘዙ፤ ውፍረቱና ርዝመቱ ስለሚጨምር ከበሩ በላይ ያለውን ቦታ አስቀድመው ይለኩ። ዝገት ደግሞ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር የተቀባ ወይም የተለበጠ ይሁን።

የብረት ገመዱ ከተበጣጠሰ ወይም ከሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ ወጥቶ በሩ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ በአየር ለመጎተት አይሞክሩ። አየር ያለው መክፈቻ ጠማማ በርን ከሀዲዱ ነቅሎ ያወጣል።

ደረጃ 3፦ አየሩን በቀስታ መመለስ

ፒኑን መልሰው አስገብተዋል። አሁን ሰው የሚጎዳበትና ፓነል የሚሰበርበት ሰዓት ይህ ነው። ምክንያቱም የፍጥነት መቆጣጠሪያ ብሎኖቹ የሚሠሩት ከሲሊንደሩ የሚወጣውን አየር በማነቅ ነው። ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነ የሚታነቅ አየር የለም፤ የመጀመሪያው ጉዞ እንደ ጥይት ይሄዳል።

1. የሬጉሌተሩን እጀታ ወደ ግራ አዙረው ሙሉ በሙሉ ያላሉት።
2. ዋናውን መዝጊያ በዝግታ ይክፈቱ።
3. ኤሌክትሪኩን መልሰው «ዝጋ» የሚለውን ይጫኑ። በሩ ቀድሞም ዝግ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ቀጥሎ ሬጉሌተሩ ሲከፈት ግን አየሩ የሲሊንደሩን የመዝጊያ ወገን (በሩን የሚዘጋው አየር የሚገባበትን) ይሞላል።
4. ሬጉሌተሩን ቀስ በቀስ እስከ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው፤ 2 ባር ገደማ) ያምጡ። ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ።
5. ከበሩ ሥር ማንም አለመኖሩን አይተው «ክፈት» ይጫኑ። ካልተነሳ 5 ፒኤስአይ እየጨመሩ ይሞክሩ።

ደረጃ 4፦ አየሩን መፈተሽ

የቆመ ጌጅ ይዋሻል። በሩ ቆሞ እያለ 80 ፒኤስአይ ማንበቡ ምንም አይነግርዎትም። በሩ እየተንቀሳቀሰ እያለ ጌጁን ይመልከቱ። መርፌው ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ በላይ ከወደቀ አየር በበቂ መጠን እየደረሰ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ሬጉሌተሩን መጨመር ዋጋ የለውም፤ መንገዱ ጠቦ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ፦ የተደፈነ የማጣሪያ ልብ (ውስጡ ያለው ማጥለያ)፣ በግማሽ የተዘጋ መዝጊያ፣ የታጠፈ ወይም የቀጠነ ቱቦ፣ ፈጣን መጋጠሚያ።

ማጣሪያው። ውሃውን ያፍስሱ። ልቡ ከጠቆረ ይቀይሩት፤ ለበር ሥራ 5 ማይክሮን የሆነው ጥሩ ነው። ግልጽ የሆነውን የፕላስቲክ ኩባያ በሳሙናና በውሃ ብቻ ይጠቡ። በቤንዚን፣ በቲነር ወይም በአልኮል የታጠበ ኩባያ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይሞላል፤ ግፊት ሲገባበት ይፈነዳል።

ዘይት ማንጠባጠቢያ ካለ። የአየር መሣሪያ ዘይት፣ ቁጥር 32 የሆነውን ይጠቀሙ። የሞተር ዘይትና የፍሬን ዘይት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣሉ። አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ሲሊንደሩ ከፋብሪካ የሚመጣው በግሪስ ተቀብቶ ነው፤ ዘይት መስጠት ከጀመሩ ያ ግሪስ ይታጠባል። የጀመሩትን ማቋረጥ አይችሉም። ያለ ዘይት እየሠራ የቆየ በር ላይ አዲስ ማንጠባጠቢያ አይግጠሙ።

ፍሳሽ። ዋናውን መዝጊያ ይዝጉና ጌጁን ለአሥር ደቂቃ ይከታተሉ (መዝጊያው ሲዘጋ ራሱ አየር የሚያስወጣ ከሆነ ግን ጌጁ ፍሳሽ አያሳይም)። መርፌው ከወረደ የሳሙና ውሃውን በየመጋጠሚያው ይርጩ። አረፋ ያወጣውን ራኮርድ ሲጠግኑ ቴፍሎኑን ከሁለተኛው ጥርስ ይጀምሩ። የመጀመሪያው ጥርስ ላይ የተጠቀለለ ቴፍሎን ተቆርጦ ወደ ቫልቩ ይገባል፤ ትንሽ ነጭ ቁራጭ ደህና ቫልቭ ያስጥላል።

ኮምፕሬሰሩ ታንኩን ለመሙላት በጣም ከዘገየ ከፍታውንም ያስቡ። 1,600 ሜትር ላይ ባለችው የአሜሪካዋ ዴንቨር ወይም ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያው ኮምፕሬሰር ታንክ ለመሙላት በባሕር ጠረፍ ከሚፈጅበት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ጌጁ ላይ ያው ቁጥር እስካለ ድረስ ግን የሲሊንደሩ ጉልበት አይቀንስም።

ደረጃ 5፦ ቫልቩ ነው ወይስ ኤሌክትሪኩ?

በቫልቩ ላይ ያለውን ትንሽ የእጅ መሞከሪያ በካቻቪቴ ይጫኑ።

- በሩ ከሄደ፣ አየሩ፣ ቫልቩና ሲሊንደሩ ደህና ናቸው። ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው።
- ካልሄደ ኤሌክትሪኩን ይርሱት።

ለኤሌክትሪኩ፦ ቁልፉ ተጭኖ እያለ በኮይሉ ሶኬት ላይ በቴስተር ይለኩ። ብዙዎቹ በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ ኮይሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ቮልት ካለና ቫልቩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ብሬከሩን አጥፍተው የኮይሉን ኦም ይለኩ። ከጎኑ ካለው ኮይል ጋር ያወዳድሩ፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ኮይሉን ከዘንጉ አውጥተው መብራት አይስጡት፤ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ኮይል ውስጡ ብረት ከሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። አዲስ የተገጠመ ኮይል ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነም የውስጡ ዘንግ በቆሻሻ ተይዟል ማለት ነው፤ ኮይል መቀያየሩን ትተው ዘንጉን ያጽዱ።

ቮልት ከሌለ ሽቦ ከመበጠስዎ በፊት ፎቶሴሉን (በበሩ መንገድ ላይ ነገር መኖሩን በብርሃን የሚለየውን ዓይን) ይጥረጉ። በላቫጆ ውስጥ «በሩ ይከፈታል፣ አይዘጋም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በእርጥብ ጨርቅ ነው።

ማርሚታዎቹ። ከቫልቩ በሚወጣው አየር ላይ የተገጠሙት ድምፅ ማፈኛዎች በዘይትና በአቧራ ሲደፈኑ በሩ በየወሩ ትንሽ በትንሽ ይዘገያል። ለመለየት አንዱን ፈተው በሩን አንዴ ያንቀሳቅሱ፤ ከፈጠነ ጥፋተኛው እሱ ነው። የነሐሱን በማጽጃ ይዘፍዝፉ፣ የፕላስቲኩን ይቀይሩ። ክፍት አድርገው ግን አይተዉት፤ ቆሻሻ ይገባበታል።

ደረጃ 6፦ ሲሊንደሩን መለየት

በሩ ቆሞ እያለ ከማርሚታው የማያቋርጥ ፊጭታ ከተሰማ፣ የሚያሳልፈው ወይ ቫልቩ ነው ወይ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የፒስተን ጎሚኒ። ሁለቱም ተመሳሳይ ድምፅ ስላላቸው ብዙ ሰው ቫልቭ ገዝቶ ይከስራል። እንዲህ ይለዩ፦

1. በሩን ይዝጉ፤ አየሩ በመዝጊያው ወገን ይቆይ።
2. «ክፈት» የሚለውን ማንም እንዳይጫን ያድርጉ። ቱቦው ተነቅሎ እያለ አየር ከተላከ እንደ ጅራፍ ይገርፋል።
3. በሲሊንደሩ ላይ የመክፈቻውን ወገን ቱቦ ይንቀሉ። በዚህ ቱቦ ውስጥ አሁን ግፊት መኖር የለበትም።
4. አየር ከሲሊንደሩ ቀዳዳ ከወጣ የፒስተኑ ጎሚኒ አልቋል። ከዚያ ካልወጣና ፊጭታው ከቀጠለ ቫልቩ ነው።

ዘንጉን በጣትዎ ይዳብሱት። ጭረት ካለ አዲስ ጎሚኒ ብዙ አይቆይም፤ ዘንጉም አብሮ ይቀየር። ዘንጉ በአንድ ጎኑ ብቻ ካበራ ደግሞ ሲሊንደሩ ጠማማ ተሰቅሏል።

ደረጃ 7፦ ማስተካከል

ቅደም ተከተሉ ግፊት፣ ፍጥነት፣ ማለዘቢያ ነው። ከተገላበጠ አንዱ ሌላውን እያበላሸ ይውላሉ።

ግፊት። ዓላማው በሩን በደንብ የሚያነሳውን ዝቅተኛውን ቁጥር ማግኘት ነው። ከ40 ፒኤስአይ ይጀምሩ፣ 5 እየጨመሩ ይሂዱ፤ በሩ ሳይቆራረጥ ሙሉውን ሲከፈት 5 ወይም 10 ጨምረው ይቁሙ። አምራቹ በሳህኑ ላይ ከጻፈው ከፍተኛ ቁጥር በፍጹም አይለፉ። ለምን ዝቅተኛው? 50 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር በ4 ባር 80 ኪሎ ያህል ይገፋል፣ በ6 ባር 120። የተጨመረው እያንዳንዱ ባር 20 ኪሎ ነው፤ በሩ አንድ ቀን ከተጣበቀ ወይም ሰው ላይ ከወረደ ያ ሁሉ እዚያ ያርፋል። ሬጉሌተሩን ለመቀነስ ሲፈልጉ ከሚፈልጉት በታች ወርደው ከታች ወደ ላይ ያምጡት፤ ከላይ ወደ ታች የተቀመጠ ቁጥር በኋላ ይንሸራተታል። ሲጨርሱ እጀታውን ይቆልፉ።

ፍጥነት። ግራ የሚያጋባው እዚህ ነው። የመክፈቻውን ፍጥነት የሚወስነው፣ በሩ ሲከፈት አየር በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ያለው ብሎን ሳይሆን በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ የመክፈቻውን ፍጥነት ለመቀነስ የመዝጊያውን ወገን ብሎን ያጠብቁ።

1. ሁለቱንም ብሎኖች ሳያስጨንቁ እስከ መጨረሻው ይዝጉ፤ ከዚያ ሁለት ዙር ይክፈቱ።
2. በሩን ያንቀሳቅሱና በሩብ ዙር ያስተካክሉ። በእያንዳንዱ ለውጥ መካከል ሁለት ሙሉ ጉዞ ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ጉዞ የድሮውን አየር ይዞ ስለሚሄድ አያሳይም።
3. ለመነሻ ያህል 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው በር ከ7 እስከ 10 ሰከንድ ይከፈት፣ ከ10 እስከ 14 ሰከንድ ይዘጋ። መዘጋቱ ሁልጊዜ ይዘግይ፤ የመመለስ ትእዛዝ ሲመጣ የተቆለፈው አየር እስኪወጣ በሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሄዳልና።

በሩ በዝግታ ሲሄድ እየተንፈራገጠ ከሆነ ቀስቱን ይዩ። መቆጣጠሪያው ተገልብጦ ከተገጠመ የሚያንቀው የሚገባውን አየር ነው፤ በሩም እየዘለለ ይሄዳል። ቀስቱ ትክክል ከሆነ ብሎኑ ከልክ በላይ ታንቋል ወይም ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል።

ማለዘቢያ። በሲሊንደሩ ሁለት ጫፍ ያሉት ትናንሽ ብሎኖች ፒስተኑ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ያለዝቡታል። ብሎኑን ማጥበቅ ማለዘብን ይጨምራል፣ ማላላት ይቀንሳል። ሙሉ ዘግተው አንድ ዙር ከፍተው ይጀምሩ፤ ከዚያ በስምንተኛ ዙር ብቻ ያስተካክሉ።

- ጫፍ ላይ «ዷ» ካለ ያጥብቁ።
- ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ከነጠረ ወይም የመጨረሻውን መዳፍ የሚያህል ርቀት ሊጨርስ ካልቻለ ያላሉ።

ግፊት እያለ ብሎኑን ከሁለት ዙር በላይ አይክፈቱ፤ በአንዳንድ ሲሊንደሮች ወጥቶ ይተኮሳል።

ብሎኑን ቢያዞሩትም ምንም ካልተለወጠስ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብሎኑ አይደለም። በሩ ወለል የሚነካው ፒስተኑ ማለዘቢያው ክፍል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከሆነ ማለዘቢያው የሚሠራበት ጊዜ አያገኝም፤ በሩ በሙሉ ፍጥነት ወለሉን ይመታል። የበሩ ጎሚኒ ወለል ሲነካ ዘንጉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚቀረው ይለኩ። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቅረው፤ ያቺ ጎሚኒውን ለመጫን ናት። ከዚያ በላይ ከሆነ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ዳዶ ፈተው ሹካውን (ዘንጉን ከበሩ ጋር የሚያያይዘውን) በጥርሱ ላይ ያስተካክሉ፣ ዳዶውን መልሰው ያስሩ። ምንም ካልቀረው ደግሞ በሩ ወለሉ ላይ አይጫንም፤ ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ይህን ሥራ በደረጃ 1 እንደተባለው አየር አውጥተው ብቻ ይሥሩት።

ሲሊንደሩ ላይ የታሰሩ ማግኔት ሴንሰሮች ካሉ ሹካው ከተነካ በኋላ እነሱም ይስተካከላሉ። ሴንሰሩን ወዲያና ወዲህ ያንሸራቱ፣ መብራቱ የሚበራበትን መጀመሪያና መጨረሻ ምልክት ያድርጉ፣ መሃሉ ላይ ያስሩት።

ደረጃ 8፦ መመለሻውን መፈተሽ

ማንኛውም ብሎን ከተነካ ይህ ግዴታ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በበሩ መሃል ወለሉ ላይ ያጋድሙና በሩን ይዝጉ። ነክቶት መመለስ አለበት። ጣውላውን ወደ ሁለቱም ጫፍ እየወሰዱ ይድገሙት። በታችኛው ጎሚኒ ውስጥ የሚያልፍ የአየር ቱቦ ያለው በር ካልተመለሰ፣ ቱቦው ተበስቷል ወይም ከአየር ማብሪያው (ቱቦው ሲጨመቅ ምልክቱን ከሚልከው) ተነቅሏል፤ የተበሳ ቱቦ ሲጨመቅ ምልክት አይልክም። በመጨረሻ በሩ እየወረደ ፎቶሴሉን በመጥረጊያ እንጨት ይጋርዱ። አንዱም ፈተና ከወደቀ በሩን ክፍት አድርገው በቫይስ ግሪፕ ያስሩ እንጂ ለደንበኛ አይጠቀሙበት።

የብርድ ወራት ችግር

በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ወይም በኮሎራዶ ላቫጆ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ማታ ደህና የነበረ በር ጠዋት አይነቃነቅም። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ እርጥበት ካለ ማርሚታውና ቫልቩ ውስጥ በረዶ ይሠራል።

- የኮምፕሬሰሩን ታንክ በየቀኑ ከሥሩ ያፍስሱ። የአየር ማድረቂያ ከሌለ ከአዲስ ቫልቭ በፊት እሱን ይግዙ።
- ቫልቩን ማሞቂያ ወዳለው የማሽን ክፍል ያዛውሩት፤ ወደ በሩ ቱቦዎቹ ብቻ ይሂዱ።
- የቀዘቀዘውን በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሞቀ ጨርቅ ያሙቁ። የጋዝ እሳት ቱቦውን ያቀልጣል። ፀረ በረዶ ፈሳሽ ወደ መስመሩ አያስገቡ፤ ጎሚኒውንና የማጣሪያውን ኩባያ ይጎዳል።
- ከመጀመሪያው «ክፈት» በፊት ታችኛው ጎሚኒ ወለሉ ላይ አለመጣበቁን በእጅ ያረጋግጡ። ተጣብቆ አየር ከተላከበት ጎሚኒው ይቀራል፣ ፓነሉ ይሄዳል። ማታ ማታ ጎሚኒውን ሲሊኮን ይርጩበት።

መለዋወጫ ሲገዙ

ቫልቭ በመልክ አይገዛም። የቦታው ብዛት፣ የመሃሉ ዓይነትና ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። መሃሉ ዝግ በነበረው ምትክ መሃሉ አየር የሚያስወጣ ከገጠሙ፣ በመንገድ ላይ ይቆም የነበረው በር «ቁም» ሲባል ልቅ ይሆናል።

ጥርሱንም ያስተውሉ። መክፈቻው ከአሜሪካ፣ ራኮርዱ ከአውሮፓ ወይም ከቻይና ሲሆን ሁለቱም «ሩብ ኢንች» ተብለው ላይገጥሙ ይችላሉ። የአሜሪካው ኤንፒቲ በአንድ ኢንች 18 ጥርስ አለው፣ የእንግሊዙ ቢኤስፒ 19። ሁለት ሦስት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ በጉልበት ከቀጠሉ የቫልቩን አሉሚኒየም ይበላዋል። በእጅ ቢያንስ አራት ዙር በነፃነት ያልገባ ራኮርድ የዚያ ቀዳዳ አይደለም።

ሲጨርሱ የግፊቱን ቁጥር፣ እያንዳንዱ ብሎን ከዝግ ስንት ዙር እንደተከፈተና በሩ በስንት ሰከንድ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ በፕላስቲክ በተሸፈነ ወረቀት ጽፈው ሬጉሌተሩ አጠገብ ይለጥፉ። በሚቀጥለው ጊዜ በሩ ሲዘገይ መጀመሪያ ሰከንዱን ይቁጠሩ፤ ግፊቱና ብሎኖቹ በነበሩበት ካሉ ደረጃ 1ን ፈጽመው በቀጥታ ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ።